ሞተሩ ሲጠፋ ሥራው እንዳይቆም

ትራክተር ሲባል በብዙዎቻችን ዓይነ ሕሊና የሚደቀነው በሰፊ የእርሻ ሜዳ ላይ አቧራ እያስነሣ የሚሄደው ግዙፍ መኪና ነው። «ታዲያ ይህ ከከተማ ነዋሪ እናትና ከሠራተኛዋ ሴት ኑሮ ጋር ምን ያገናኘዋል?» የሚል አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። ዛሬ ልናነሣው የፈለግነው ግን ያንን ግዙፍ መኪና ሳይሆን ታናሽ ወንድሙን ነው። ይኸውም ሁለት ጎማ ብቻ ያለው፣ ነጂው ከኋላ እየተራመደ ዕርፍ እንደሚጨብጥ ገበሬ በሁለት እጁ ይዞ የሚመራው፣ ባለአንድ ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር የተገጠመለት ትንሽ ትራክተር ነው።

የዚህ መሣሪያ ሥራ ማረስ ብቻ አይደለም። በቺንጋ ከፓምፕ ጋር ሲያያዝ ውኃ ይስባል፤ ከመውቂያ ጋር ሲያያዝ እህል ይወቃል፤ ተጎታች ጋሪ ሲቀጠልለት ምርት ወደ ገበያ ያደርሳል። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ዓለም አቀፍ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማዕከል ከአጋሮቹ ጋር በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በዚምባብዌ በአነስተኛ ገበሬዎች ማሳ ላይ እንዲሞከር ያደረገውም ይህንኑ ዓይነት ትራክተር ነበር። በከተማም ቢሆን የአቃቂን ወንዝና ሌሎች ወንዞችን ተከትለው ጎመን፣ ሰላጣና ቀይ ሥር የሚያለሙ ቤተሰቦች እንዳሉ ይታወቃል። ከእነዚህም ውስጥ በማኅበር ተደራጅተው የሚሠሩ እናቶች ጥቂት አይደሉም።

እንግዲህ እንዲህ ላለ ማኅበር አንዲት ትንሽ ሞተር ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለእናት ማስረዳት አያሻም። የልጆች ደብተር፣ የቤት ኪራይ፣ የወር አስቤዛ ከእርሷ ጋር የተሳሰረ ነው። ሞተሩ ተነሥቶ ጥቂት ሠርቶ የሚጠፋ ከሆነ የሚቆመው እርሻው ብቻ አይደለም፤ የቤቱም ምድጃ ነው።

በአንድ የከተማ ዳር የአትክልት ማኅበር የደረሰውን መመልከት ለዚህ በቂ ማስረጃ ነው። ችግኝ የሚተከልበት ወቅት ነበር። ሞተሩ በእጅ ሲዞር ወዲያው ይነሣል፤ ሩብ ሰዓት ያህል ደኅና ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ ግን እያቃሰተ ኃይሉን ያጣና ይጠፋል። ጥቂት ካረፈ ደግሞ እንደገና ይነሣል። የተጠራው መካኒክ «ፖምፓው ሞቷል» ብሎ ፖምፓውን አወረደ፤ አዲስ ዕቃ ተገዛ፤ የእጅ ዋጋ ተከፈለ። ሞተሩ ግን በማግስቱም ሩብ ሰዓት ሠርቶ ጠፋ። እንዲህ ሲባል ከሳምንት በላይ አለፈና ለተከላ የደረሰው ችግኝ በመደቡ ላይ ጠውልጎ ቀረ። በመጨረሻ የተገኘው ጥፋት ምን ነበር? በናፍጣው ታንከር ክዳን ላይ የምትገኘው መርፌ የማታሾልክ ቀዳዳ በጭቃ ተደፍና ነበር። ለማጽዳት የፈጀው አንድ ሽቦና አንድ ደቂቃ ነው።

ይህን የምናወሳው መካኒኮችን ለመውቀስ አይደለም። ብዙዎቹ በሙያቸው የተመሰገኑ ናቸው። ነገር ግን ዕቃው የራሳችሁ ሆኖ ሳለ ስለ አሠራሩ ምንም የማታውቁ ከሆነ፣ የተባላችሁትን ሁሉ ከመክፈል በቀር ሌላ ምርጫ የላችሁም። ስለዚህ የአሠራሩን መሠረት ማወቅ ገንዘብንም ጊዜንም ማዳን ነው።

ሞተሩ እንዴት ይሠራል?

የናፍጣ ሞተርን የፈለሰፈው ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል ነው። የፈጠራ መብቱን ለማስመዝገብ ያመለከተው እ.ኤ.አ. በ1892 ሲሆን፣ በሚገባ የሚሠራውን ሞተር በአውግስቡርግ ከተማ ያሳየው በ1897 ነበር። የሞተሩ ምሥጢር እንዲህ ነው። የቤንዚን ሞተር ነዳጁን የሚያቀጣጥለው ካንዴላ በሚሰጠው የእሳት ብልጭታ ነው። የናፍጣ ሞተር ግን ካንዴላ የለውም። ፒስተኑ አየሩን አጥብቆ ሲያምቀው አየሩ በራሱ እጅግ ይግላል፤ በዚያ የጋለ አየር ውስጥ ናፍጣ እንደ ጉም ደቅቆ ሲረጭ ያለ ክብሪት ይቀጣጠላል። የብስክሌት ጎማ በእጅ ፓምፕ የነፋ ሰው የፓምፑ ጫፍ ሲሞቅ ተሰምቶት እንደሆነ ነገሩ ይገባዋል።

በመሆኑም ይህ ሞተር እንዲሠራ የሚያስፈልጉት ነገሮች ሦስት ብቻ ናቸው፤ ንጹሕ ናፍጣ፣ ንጹሕ አየር እና በደንብ የሚያምቅ ሲሊንደር። የተነሣ ሞተር ቢያንስ ማመቁን አሳይቷል። ስለዚህ ተነሥቶ የሚጠፋ ሞተር ሲያጋጥም ጥፋቱ በአብዛኛው የሚገኘው በናፍጣው መንገድ ላይ ነው፤ ቀጥሎም በአየሩ መንገድ።

የናፍጣውን መንገድ በዓይናችሁ ተከተሉት። ከላይ ታንከሩ አለ። ከሥሩ መክፈቻና መዝጊያ አለው። ከዚያ ቱቦው ወደ ማጣሪያው፣ ማለትም ጋራዥ ውስጥ ፊልትሮ ወደሚባለው ይወስደዋል። ከፊልትሮው ወደ ፖምፓው፣ ከፖምፓው በቀጭኑ የብረት ቱቦ ወደ ኢንጀክተሩ ይሄዳል። በአብዛኞቹ ትንንሽ ሞተሮች ላይ ናፍጣው ከታንከር እስከ ፖምፓ የሚወርደው በራሱ ክብደት ነው። ስለዚህ ታንከሩ ላይ የተጀመረ ጥቂት መዘጋት ሞተሩን በረኀብ ያስቆመዋል።

በጋራዥ የምትሰሟቸው ቃላት እንግዳ ቢሆኑባችሁ አትደንግጡ። ካቻቢቴ፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ማርሚታ፣ ማኖቬላ፣ ናፍጣ ራሱም ሳይቀር ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ቃላቱን ማወቅ ከመካኒኩ ጋር ለመግባባት ይጠቅማል እንጂ ከቃላቱ ጀርባ የተደበቀ ድግምት የለም።

ከቀላሉ ወደ ከባዱ

ጥፋት ሲፈለግ ደንቡ አንድ ነው፤ ምንም ከማያስከፍለው ጀምሮ ወደሚያስከፍለው መሄድ። ሌላው ደንብ ደግሞ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መንካት ነው። ሦስት ነገር አንድ ላይ ከነካካችሁ ሞተሩ ቢድንም ያዳነው የትኛው እንደሆነ አታውቁም።

አንደኛ፣ የታንከሩ ክዳን። የዘይት ቆርቆሮ የምትከፍት እናት አንድ ቀዳዳ ብቻ ብትበሳ ዘይቱ እየተንተፋተፈ እንደሚወርድ ታውቃለች። ለዚህም ነው በሌላው ጎን ሁለተኛ ቀዳዳ የምትበሳው። አየር ካልገባ ፈሳሽ አይወጣምና። የታንከሩ ክዳን ቀዳዳ ሥራም ይኸው ነው። ሞተሩ ሊጠፋ ሲያቃስት ክዳኑን አላሉት። «ፍስ» የሚል ድምፅ ከተሰማና ሞተሩ ነፍስ ከዘራ ጥፋቱ ተገኘ ማለት ነው። ቀዳዳውን በቀጭን ሽቦ አጽዱት።

ሁለተኛ፣ የናፍጣው አወራረድ። ሞተሩን አጥፉና ቱቦውን ወደ ፖምፓው ከሚገባበት ላይ ፍቱ፤ ጫፉን በንጹሕ ዕቃ ውስጥ አድርጋችሁ መክፈቻውን ክፈቱ። ናፍጣው ሳይቆራረጥ በደንብ መውረድ አለበት። እየተንጠባጠበ ከሆነ ወይም ጀምሮ ከቀነሰ አንድ ቦታ ተዘግቷል ማለት ነው። ፊልትሮውን አውጡ። የሚታጠብ ዓይነት ከሆነ በንጹሕ ናፍጣ ይታጠባል፤ የወረቀት ከሆነ ግን ይለወጣል እንጂ አይታጠብም። በታንከሩ አፍና ሥር ያሉትን ወንፊቶችም አትርሱ። የላምባ ምድጃ ቀዳዳ በጥላሸት ሲደፈን በመርፌ የጠረገች ሴት ይህ ሥራ አዲስ አይሆንባትም።

ሦስተኛ፣ ውኃ። ውኃ ከናፍጣ ይከብዳልና ከታንከሩ ሥር ይዘቅጣል። ሞተሩ እየተንገታገተ፣ ነጭ ጭስ እያወጣ የሚጠፋ ከሆነ ይህን መጠርጠር ያስፈልጋል። ከታንከሩ ሥር ጥቂት ናፍጣ በብርጭቆ ቀድታችሁ ለተወሰነ ጊዜ አስቀምጡት። ውኃ ካለ ከሥር ተለይቶ ይታያል። ውኃው ከየት መጣ ቢባል አንዱ ምክንያት የአየሩ ጠባይ ነው። ቀን ሞቆ ሌሊት ሲቀዘቅዝ በጎደለ ታንከር ውስጥ ያለው እርጥበት በግድግዳው ላይ ጤዛ ይሠራል። ስለዚህ ታንከሩን ጠዋት ሳይሆን ማታ ሥራ ሲያበቃ ሞልቶ ማሳደር ይመረጣል። በርሜሉንም ቢሆን አወዛውዞ ወዲያው መቅዳት አይገባም። ቡና ሳይሰክን እንደማይቀዳ ሁሉ ናፍጣም ሊሰክን ይገባዋል፤ የጀበናውን አተላ ለእንግዳ እንደማንሰጥ ሁሉ የበርሜሉን አተላም ለሞተሩ አንሰጥም። ሲቀዳም በንጹሕና ጭረት በማይተው ጨርቅ ይጠለል።

አራተኛ፣ በናፍጣው ውስጥ የገባ አየር። ታንከሩ እስኪደርቅ ድረስ ከተሠራበት፣ ቱቦ ከተሰነጠቀ ወይም ማሰሪያው ከላላ፣ አየር ወደ መሥመሩ ይገባል። ፖምፓው ናፍጣን እንጂ አየርን መግፋት አይችልምና ሞተሩ አንዴ ይነሣል፣ አንዴ ይሰናከላል። መፍትሔው አየሩን ማስወጣት ነው። ታንከሩን ሙሉ፤ መክፈቻውን ክፈቱ፤ ፊልትሮው ላይና ፖምፓው መግቢያ ላይ ያለውን ብሎን በየተራ ጥቂት አላሉ። አረፋ የቀላቀለ ናፍጣ ይወጣል። አረፋው አልቆ ንጹሕ ናፍጣ ብቻ መውረድ ሲጀምር፣ ሳይቋረጥ በሚወርድበት ሁኔታ ብሎኑን አጥብቁ። ከዚያ ጋዙን ከፍታችሁ፣ የእመቃ ማላያውን አንሥታችሁ ሞተሩን በማኖቬላ ስታዞሩ ከኢንጀክተሩ በኩል ጠርጠር የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ናፍጣው ደርሷል ማለት ነው። አየሩ በተመላለሰ ቁጥር ግን ማስወጣት ብቻ አይበቃም፤ የገባበትን ቀዳዳ መፈለግ ያስፈልጋል። ናፍጣ የሚያረጥበው ማንኛውም መገጣጠሚያ ተጠርጣሪ ነው።

አምስተኛ፣ አየር ማጣሪያው። ባዶውን ደኅና እየሠራ ሥራ ሲጫንበት ጥቁር ጭስ አውጥቶ የሚጠፋ ሞተር አየር አንሶታል፤ ወይም ከዐቅሙ በላይ ተጭኖበታል። የከሰል ምድጃ አፉ በአመድ ሲደፈን ምን እንደሚሆን አስቡ። የዘይት ገንዳ ያለው ማጣሪያ ከሆነ የተጨማለቀውን ዘይት ደፍታችሁ፣ ገንዳውን አጥባችሁ እስከ ምልክቱ ድረስ አዲስ ዘይት ሙሉ። በበጋ አቧራ ይህ በየቀኑ ሊታይ የሚገባው ነው። ያለ ማጣሪያ ማሠራት ግን ፈጽሞ አይገባም። አቧራ ፒስተኑንና ሲሊንደሩን እንደ አሸዋ ወረቀት ይፍቃቸዋልና።

ስድስተኛ፣ ሙቀት። ውኃው ጎድሎ ወይም የሞተር ዘይቱ አንሶ የሚጠፋ ሞተር በልመና የሚነሣ አይደለም። የግድ ልታስነሡት ብትሞክሩ ፒስተኑ ተጣብቆ ሊቀር ይችላል። እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ፤ ከዚያ ዘይቱንም ውኃውንም ተመልከቱ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ መድፋት ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላል።

ጭሱን አንብቡ

እናቶች የጭስን ቋንቋ ከማንም በላይ ያውቃሉ። እርጥብ እንጨትና ደረቅ እንጨት አንድ ዓይነት ጭስ እንደማያወጡ የታወቀ ነው። የሞተርም ጭስ እንዲሁ ይናገራል። ጥቁር ጭስ ናፍጣው በዝቷል ወይም አየሩ አንሷል ይላል። ነጭ ጭስ ናፍጣው ሳይቃጠል እየወጣ ነው ወይም ውኃ አለበት ይላል። ሰማያዊ ጭስ የሞተሩ ዘይት እየተቃጠለ ነው ይላል። ምንም ጭስ ሳያወጣ ቀስ በቀስ ዝም ብሎ የሚጠፋው ደግሞ ናፍጣ አልደረሰኝም ማለቱ ነው።

ከላይ የተዘረዘሩት ሁሉ ተሠርተው ሞተሩ ካልተሻለው፣ ወይም የሚጮኸው ብረት ለብረት እንደሚጋጭ ያለ ድምፅ ከሆነ፣ ያን ጊዜ መካኒክ ይጠራ። ፖምፓን መፍታት፣ ኢንጀክተርን መመርመር፣ የፍጥነት መቆጣጠሪያውን ስፕሪንግ መንካት፣ ቫልቭን ማስተካከል የባለሙያ ሥራ ነው። እናንተ ግን ባዶ እጃችሁን አትጠብቁት። ሞተሩ ከተነሣ ስንት ደቂቃ ሠርቶ እንደሚጠፋ፣ ባዶውን ነው ወይስ ሥራ ላይ፣ ጭሱ ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው፣ ምን እንደጸዳና ምን እንደተለወጠ ንገሩት። ሐኪም በሽታን የሚያውቀው ጠይቆ ነው፤ መካኒክም እንዲሁ። የሚለወጥ ዕቃ አለ ከተባለም አሮጌው ዕቃ ለማኅበሩ እንዲመለስ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ከሞተሩ ይልቅ ሰው

ስለ ጥንቃቄ ሳንናገር ብናልፍ ጽሑፋችን ጎደሎ ይሆናል። በሚዞር ቺንጋ አጠገብ ነጠላ፣ ሻሽ፣ ረጅም መቀነትና የተለቀቀ ፀጉር አይደረስም። ቺንጋው ጨርቁን ከያዘ ሰውየዋን ይዞ ነው የሚሄደው። ሞተር የሚነካው ጠፍቶ፣ ቺንጋው ቆሞ ነው። ማኖቬላ ሲዞር ሞተሩ ወደ ኋላ ሊመታ ይችላልና እጅን በደንብ አስተካክሎ መያዝ፣ ፊትንም ማራቅ ይገባል።

ከኢንጀክተር የሚረጨው ናፍጣ ግፊቱ ከፍተኛ ስለሆነ ቆዳን በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ቁስሉ እንደ መርፌ ቀዳዳ ትንሽ ቢመስልም ለእጅ መቆረጥ ሊያደርስ የሚችል ጉዳት ነው፤ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል። የናፍጣ ፍሳሽ በእጅ ተዳስሶ አይፈለግም። በተዘጋ ቤት ውስጥ ሞተር ማስነሣትም ጭሱ ሰው ይገድላልና አይሞከር።

ልጆችን በሚመለከት ደግሞ ናፍጣ በለስላሳ ወይም በውኃ ጠርሙስ ፈጽሞ አይቀመጥ። የጠማው ልጅ ጠርሙስ እንጂ ናፍጣ አይታየውም። ልጅ ናፍጣ ቢጠጣ እንዲያስመልስ ማድረግ አይገባም፤ ሲያስታውክ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላልና። ያለ መዘግየት ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።

«የወንድ ሥራ» የሚባለው

«ሞተር የወንድ ነው» የሚለው አባባል እስከ ዛሬ በአንዳንድ ቤት አለ። ታሪክ ግን ሌላ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር 1888 በጀርመን አገር ወይዘሮ በርታ ቤንዝ ሁለት ወንዶች ልጆቻቸውን ይዘው፣ ለባለቤታቸው ሳይናገሩ፣ ባለቤታቸው በሠሩት የቤንዚን መኪና ከማንሃይም እስከ ፎርትስሃይም ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘዋል። በሞተር መኪና ረጅም መንገድ በመጓዝ የመጀመሪያዋ ሰው እርሳቸው ናቸው። በመንገድ ላይ የነዳጁ ቱቦ ቢዘጋባቸው በባርኔጣቸው መርፌ ጠረጉት። ሽቦው ቢላጥባቸው በካልሲያቸው ማሰሪያ ሸፈኑት። ነዳጅ ቢያልቅባቸው ቪስሎክ በምትባል ከተማ ከመድኃኒት ቤት ገዙ። እ.ኤ.አ. በ1933 ደግሞ በዩክሬን የዶንባስ አገር ፕራስኮቪያ አንጀሊና የምትባል ወጣት ሴት የሴቶች ብቻ የሆነ የትራክተር ነጂዎች ቡድን አቋቁማ በሶቪየት ኅብረት ስሟ ገነነ። ለእነዚህ ሴቶች ሞተሩ ጾታቸውን አልጠየቃቸውም። የሚጠይቀው ንጹሕ ናፍጣ፣ ንጹሕ አየርና አስተዋይ ዓይን ብቻ ነው።

ስለዚህ በማኅበር ለተደራጃችሁ እኅቶች የምናቀርበው ምክር አጭር ነው። ከመካከላችሁ ቢያንስ ሁለት ሴቶች የሞተሩን ነገር እንዲማሩ አድርጉ፤ አንዷ ብትታመም ወይም ብትወልድ ሥራው እንዳይቆም። አንድ ደብተር ግዙና ናፍጣ የተሞላበትን ቀን፣ ዘይት የተለወጠበትን፣ ፊልትሮ የጸዳበትንና ሞተሩ የጠፋበትን ሰዓት ጻፉበት። ለአንድ መለዋወጫ ፊልትሮ፣ ለጥቂት ሮንዴላና ለአንድ ሜትር የናፍጣ ቱቦ የሚሆን ገንዘብ ከወር መዋጮ ላይ አስቀምጡ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና ሁላችሁም ጥቂት ጥቂት ብታውቁ ለአንዷ የሚከብደው ለሁላችሁ ይቀላል። ነገ ጠዋት ማኖቬላውን ከማንሣታችሁ በፊት ግን አስቀድማችሁ የታንከሩን ክዳን ቀዳዳ ተመልከቱ።